አልጋው ባዶ ነው

አሰላ መሀል ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ባለ በረንዳ ሆቴል ለሰው ሁሉ አልጋ ነበረው፤ ለባላገር ብቻ አልነበረውም። ቱሳ ከሊፋ ይህን የተረዳው ከጎበሳ ጀምሮ በበቅሎና በጭነት መኪና ሲንገላታ ውሎ፣ ጭላሎ ተራራ ላይ የተኛው ጉም ወደ ከተማው መውረድ ሲጀምር ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሰው ነበር። መጀመሪያ የቱሳን እግር አየ፤ ጭቃ አለበት። ቀጥሎ ጋቢውን አየ። ፊቱን ለማየት አልደከመም። አልጋ የለም አለው።

ቱሳ ፊደል አልቆጠረም፤ ዓይን ግን አለው። ከሰውየው ራስ በላይ ቁልፎች በየሚስማራቸው ተንጠልጥለዋል። ቁልፍ ሚስማር ላይ ካለ ክፍሉ ውስጥ ሰው እንደሌለ ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም። ይህንኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ከኋላው ገባና አልጋ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ አንዱን ቁልፍ ከሚስማሩ አወረደ። ቱሳ አፉን መልሶ ዘጋ። ከዚያ ወረድ ብለው ያሉትን ሁለት ሆቴሎችም ሞከረ፤ የተማከሩ ይመስል መልሱ አንድ ነበር።

ቱሳ ቁጡ ሰው ነው። ሚስቱ ሀሊሜ «አፍህ ከእግርህ ይቀድማል» የምትለው በከንቱ አይደለም። ያን ቀን ግን ንዴቱን ዋጠው፤ ለጠብ አልመጣምና። የመጣው ለነገው ቀጠሮ ነው። አያቱ ደን መንጥረው፣ አባቱ ድንጋይ ለቅመው ያቀኑትን፣ እሱም ከበሬዎቹ እኩል የደከመበትን መሬት፣ ባለመሬቱ ቀኛዝማች ኃይለመስቀል በትራክተር ላሳርሰው ነውና ይልቀቅልኝ ብለው ከሰውታል። ቀኛዝማች መሬታቸውን ለማየት ሲመጡ ከመኪና አይወርዱም፤ ጣታቸውን በመስኮት አውጥተው ከዚህ እስከዚያ ብለው ይመለሳሉ። ችሎት የሚቆምላቸው አስናቀ የሚባል ነገረ ፈጅ ነው፤ አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ የሚሉት ዓይነት።

ባለፈው ቀጠሮ ዳኛው በአስተርጓሚ በኩል ለቱሳ ቁርጡን ነግረውታል። ቀርቦ መልስ ከሰጠ፣ ሌላው ቢቀር የበልግ ገብሱን ዘርቶ እስኪሰበስብ ከመሬቱ አይነቀልም። በቀጠሮው ካልተገኘ ግን በሌለበት ይፈረድበታል። ስለዚህ ቱሳ መንገዱን ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት አለበት።

ሲንከራተት ያየው ሀሰኖ የሚባል ጋሪ ነጂ በኦሮምኛ ጠራውና፣ እዚህ መሀል ከተማ ደጅ አትጥና፣ ሰው የሚያሳድሩበት ቤት ላድርስህ አለው። ወሰደውም። ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መውጫ፣ ቤቶቹ ሳስተው እርሻ በሚጀምርበት ላይ፣ የወይዘሮ ውድነሽ ሆቴል አለ። ሆቴል ይባል እንጂ ከፊት አንድ የጭቃ መጠጥ ቤት፣ ከጓሮ ቆርቆሮ የለበሱ ትናንሽ ክፍሎች በረድፍ የቆሙበት ግቢ ነው። ስም የለውም፤ ሾፌሮች ውድነሽ ጋ ይሉታል። ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱም ያስታውቃል። በሩ አይገጥምም፣ ፍራሹ ጭድ ነው፣ ቁንጫው ደግሞ ከባለቤቷ በፊት እንግዳ ይቀበላል።

ነገር ግን ወይዘሮ ውድነሽ የእንግዳን እግር አታይም። አያቷ ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ዘምተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ግን በአማርኛውም በኦሮምኛውም እኩል እየተሳደበች ያደገች የአሰላ ልጅ ናት። ለእስላም እንግዳ የተለየ ድስትና ከስግደት በፊት የሚታጠብበት የውዱ ማንቆርቆሪያ አላት፤ ድስቱን ጎረቤቷ ዘይቱና እንጂ እሷ አትነካውም። ቀኑ ሲመሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ትቆምና ለመንገደኛው ሁሉ ባዶ አልጋ አለ፣ ኧረ ባዶ አልጋ አለ እያለች ትጣራለች። የሀሰኖ ጋሪ ሲደርስም እየተጣራች ነበር። ቱሳ የገበያ አማርኛ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ አልጋ የሚለውን ቃል በቅጡ የተማረው ያን ቀን ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የለም ከሚለው ጋር ሰማው፤ አመሻሹ ላይ ባዶ ከሚለው ጋር ሰማውና ደስ አለው።

እራት ሲበላ የደረሰበትን አጫወታት። እሷም ለሥራ አስኪያጁ የሚገባውን ስድብ ሁሉ ሰጠችው። ሰውየው ራሱ ከገጠር ሲመጣ ጫማ እንዳልነበረው፣ የመጀመሪያ ሰሞን እዚሁ እሷ ቤት ጭድ ላይ እንዳደረ፣ የራሱ ተረከዝ ጭቃ ሳይለቅ የሰው ጭቃ እንደሚቆጥር ነገረችው። ቱሳ ሳቀ፤ ንዴቱ ግን ከሳቁ ሥር እንዳለ ነበር።

ወሩ የካቲት፣ ዘመኑ ስልሳ ስድስት ነው። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወሬ ጤነኛ አልነበረም። ታክሲ ነጂው አድሟል፣ አስተማሪው አድሟል፣ ወታደሩ በየሰፈሩ ያጉረመርማል። በመጠጥ ቤቱ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራና፣ የማያውቀው ሰው ሲገባ ስለ ዝናብ ይጀምራል። ቱሳ ይህን አላስተዋለም። ቢያስተውለውም የሱ ጉዳይ አይመስለውም ነበር፤ የሱ መንግሥት መሬቱ ነው።

ቁንጫው አላስተኛውም፤ ከቁንጫውም ይልቅ ያ ከሚስማሩ የወረደ ቁልፍ አላስተኛውም። ሲነጋ ሰግዶ፣ ዘይቱና ያፈላችለትን ሻይ በዳቦ ጠጥቶ፣ እግሩን ከጭቃ አጥቦ ወደ መሀል ከተማ አቀና። ጊዜ ነበረው። በሆዱ ለዳኛው የሚለውን እየደጋገመ፣ ረጋ ብሎ ነው የሄደው።

ባለ በረንዳውን ሆቴል ሳያልፉ ፍርድ ቤቱ አይደረስም። ቱሳ እዚያ ሲደርስ ወደ መንገዱ የሚያየው ክፍል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንዲት ሴት ደጃፉን ታጥባለች። አልጋው ከመንገድ ይታያል። አንሶላው እንደ ተወጠረ፣ ትራሱ እንደ ቆመ፣ ብርድ ልብሱ እንደ ታጠፈ ነው። ማንም አላደረበትም። ከጎኑ ያለውም ክፍል ተከፍቷል፤ ያም እንዲሁ ነው። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

ማለፍ ነበረበት። ሀሊሜ ብትኖር ክንዱን ይዛ ታሳልፈው ነበር። ግን ሀሊሜ ጎበሳ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ የዋጠው ንዴት ደግሞ ጉሮሮው ላይ ነው። ቱሳ መንገዱ መሀል ቆመና እጁን ወደ ክፍሉ ዘርግቶ፣ ተራራ ለተራራ በሚጠራራበት ድምፁ፣ በዚያ በገበያ አማርኛው ጮኸ።

«አልጋው ባዶ ነው! ማንም የለበትም! ዋሽታችሁናል፤ ሰው ሁሉ ይምጣና ይየው!»

መንገዱ ጸጥ አለ። ጋሪ የሚነዳው ልጓሙን ሳበ። ወለል አጣቢዋ ጨርቋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ሁለት ተማሪዎች ተያዩና አንደኛው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ቱሳ ጸጥታው ለሱ የተደረገ መሰለው፤ ሕዝቡ በውሸታሙ ሆቴል ያፈረ መሰለው። ስለዚህ ደገመው፤ ያውም ቀስ ብሎ፣ ቃሉ እንዳይበላሽ እየተጠነቀቀ። «አልጋው ባዶ ነው።»

በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጣ አንድ ሰው ብርጭቆውን አስቀመጠ። አስናቀ ነበር። አስናቀ አማርኛ አይጠፋውም፤ ባላገሩ የሚለው ስለ መኝታ እንደሆነ እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ በላይ ያውቃል። ግን ነገረ ፈጅ ነው፤ ቃል ወድቆ ሲያገኝ አያልፈውም። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ተነሳና መንገድ ዳር ለቆመው ፖሊስ በጆሮው አንድ ነገር ነግሮ፣ አፉን በመሐረብ ጠርጎ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደ።

ፖሊሱ ወደ ቱሳ መጣና፣ ስለ አልጋው የተናገርከው አንተ ነህ ወይ አለው። ቱሳ ደስ አለው። በዚህች ከተማ በመጨረሻ የተበደለውን የሚጠይቅ ሰው ተገኘ። አዎ እኔ ነኝ፣ ምስክርም አለኝ አለ። ፖሊሱ እንዲህ ያለ ወንጀለኛ አይቶ አያውቅም፤ ትንሽ ፈራው። ና እንግዲያው ጣቢያ እንሂድ አለው። ቱሳ ያ ቅባታም ሥራ አስኪያጅ ከኋላ ይከተል እንደሆነ እየዞረ እያየ፣ በፈቃዱ፣ በፈጣን እርምጃ ሄደ። ለችሎቱ ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ያገኙት ተረኛ ሃምሳ አለቃ ገብረ መድህን ነበር፤ ጡረታው የቀረበ፣ ከነገር ይልቅ እንቅልፍ የሚወድ ሰው። ፖሊሱ ጉዳዩን በጆሮው ነገረው። ሃምሳ አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ። ብዕር አነሳ፤ ምን አልክ ብሎም ቱሳን ጠየቀው።

«አልጋው ባዶ ነው ነው ያልኩት» አለ ቱሳ።

ሃምሳ አለቃው ብዕሩን ጣለና ዝም በል አለው። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ቱሳ አልሰማኝም ይሆናል ብሎ ሊደግምለት ሲል ሰውየው እጁን ዘርግቶ አፉን ሊይዘው ምንም አልቀረውም። ኋላ ግን ሲያስተውለው፣ ባላገሩ ምንም እንዳልገባው አየ። በሩን ዘጋና በኦሮምኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳው። በአማርኛ አልጋ ሲባል መኝታ ብቻ አይደለም። ጃንሆይ የተቀመጡበትም አልጋ ነው። ልጃቸው አልጋ ወራሽ የሚባሉት ፍራሽ ስለሚወርሱ አይደለም። በዚህ ሰሞን፣ በዚህ ወሬ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ አልጋው ባዶ ነው፣ ማንም የለበትም፣ ዋሽታችሁናል ብሎ መጮህ አንገት ያስቆርጣል።

ቱሳ ወላሂ አለ። በሱ አፍ፣ በኦሮምኛ፣ የሚተኙበት ሲሬ ይባላል፤ ንጉሥ የሚቀመጥበት ሌላ ስም አለው፤ እንዴት አድርጎ አንድ ቃል ሁለቱን ይሸከማል? የሰው ጀርባና የንጉሥ መንበር እንዴት በአንድ ቃል ይጠራል? ይህን ቋንቋ የሠራው ሰው ነገረ ፈጅ መሆን አለበት አለ። ሃምሳ አለቃው ሳቁ መጣበት፤ ግን ዋጠው።

ነገሩ ለሃምሳ አለቃው ገብቶታል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ገብረ መድህን ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አውቋል። ልልቀቀው ቢል፣ አልጋን የነካ ሰው ለቀቀ ይባላል። ልክሰሰው ቢል፣ ቃሉን መጻፍ አለበት፤ ያን ቃል በገዛ እጁ ጽፎ ከሥሩ ሊፈርም ነው። ቢጽፈውም ለጣቢያው አዛዥ ለሻለቃው ያነብለታል፣ ሻለቃው ደግሞ ለአገረ ገዥው፤ ባለሥልጣን ሁሉ በየተራው አልጋው ባዶ ነው ሊል ነው። ስለዚህ የፈሪ ሰው ሥራ ሠራ። ሻለቃው ናዝሬት ወርዷል፣ እስኪመጣ እዚህ ትቆያለህ አለው።

ቱሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ አይችልም። ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሦስት ሊሆን ነው ተባለ። ቀጠሮውን ነገራቸው፣ ለመነ፣ በልጆቹ ማለ፣ ፖሊሱ አስሮት ችሎት ያድርሰውና መልሶ ያምጣው አለ። ሃምሳ አለቃው መልስ ሲያጣ ተረት ያመጣል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለው።

ቱሳ ፊቱን አየው። «እኔ ሰማይ ልረስ አላልኩም» አለ። «መሬቱን ነው ያልኩት።»

ሰዓቱ መታ። ቱሳ ምቱን ለመቁጠር ፊደል አያስፈልገውም ነበር። ስሙ አሁን እየተጠራ ነው። ግድግዳው ማዶ፣ ከሁለት አጥር ወዲያ፣ አንድ ሰው ቱሳ ከሊፋ ብሎ እየጮኸ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ አቤት የሚለውን ቃል በጥርሱ ይዞ ተቀምጧል። ተነሳ፤ ፖሊሱ በትከሻው ተጭኖ አስቀመጠው። አቤት ብሎ ጮኸ፤ እስረኞች ሳቁበት። ያኔ ቱሳ አለቀሰ። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት መውጫ ሲያጣ በዓይን የሚወጣው ነው።

ወሬውን ወይዘሮ ውድነሽ ጋ ያደረሰው ሀሰኖ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች በጋሪው መጣች። ከበር ጀምሮ ሰው ሁሉ ድምፅዋን ሰማ። ገብረ መድህንን ከልጅነቱ ታውቀዋለችና ማዕረጉን አልጠራችለትም።

«እኔንም እሰረኝ» አለችው። «በየምሽቱ በሬ ላይ ቆሜ ባዶ አልጋ አለ እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ይሄን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሚስትህ በር የዘጋችብህ ለታ ባዶ አልጋ አለሽ ወይ ብለህ የመጣኸው ደግሞ አንተ ነህ። ምን አስበህ ነበር?»

ሃምሳ አለቃው ፖሊሶቹን ወደ ውጭ አስወጣ። የሰማው ሁሉ ግን ሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ለመገላገል ቸኮለና፣ የጠቆመው ሰው ይምጣና ምን እንደሰማ ይናገር፣ እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አለ። ሰው ተላከ።

አስናቀ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ቱሳን በርኅራኄ አየው፤ ያ አስተያየት ከጥፊ ይብሳል። ነገሩን በሰፊው ተናገረ። ባላገር ነው፣ አያውቅም፣ ልጆች አሉት፣ እኔ በበኩሌ ይቅር ብየዋለሁ፣ ይለቀቅ አለ። የኔም ጉዳይ ዛሬ በመልካም ተጠናቋል፤ ለምን በሰው ልጨክን? እንዲህ አለና እግሩን አነባበረ።

ቱሳ ያኔ ገባው። አልጋውም፣ ንጉሡም፣ ፖሊሱም ለሱ አልነበሩም። ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነው የታሰረው፤ ያች ሰዓት አልፋለች፤ አሁን ይቅርታው ያለ ዋጋ ይታደላል። ከአግዳሚው ተነሳ። ሊናገር ሲል ወይዘሮ ውድነሽ ቀደመችው።

«ይቅርታህ ይቆይ» አለች አስናቀን። «መጀመሪያ ይቅር ያልከውን ነገር ንገረን። ምን አለ?»

ያለውን ሁሉም ያውቃል አለ አስናቀ። እሷ አላውቅም አለች። አስናቀ ወደ ሃምሳ አለቃው አየ፤ ሃምሳ አለቃው ወደ ጣሪያው። ያ ቃል አይደገምም አለ አስናቀ፣ ድምፁ ትንሽ ቀንሶ።

«ይሄ ሰው አልጋ ሲል የጭድ ፍራሽ ነው የታየው» አለች ውድነሽ። «እኔም ብሰማ የጭድ ፍራሽ ነው የሚታየኝ። አንተ አልጋ ሲባል ምን ታየህ? ባዶ ነው ሲባልስ ማንን አውርደህ ነው ባዶ ያደረግከው?»

አስናቀ የተነባበረ እግሩን አወረደ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ይህች ሴት ነገር ታጣምማለች አለ፤ ግን ማን እንዳጣመመው ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሃምሳ አለቃው ይህን ጊዜ ብዕሩን በእርጋታ አነሳና፣ አቶ አስናቀ የሰሙትን በራሳቸው ቃል ይናገሩ፣ እኔም እጽፋለሁ አለ። በሥራ ዘመኑ ያደረገው ደፋር ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አስናቀ ተነሳ። እኔ የሰማሁት የለም፣ ጩኸት ነው የሰማሁት፣ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ወጣ። ሃምሳ አለቃውም ቱሳን ሂድ አለው። እንዲህ ሆኖ ያበቃል ነገር፤ የሰው ጠዋት ይወስዱና ሂድ ይሉታል።

ቱሳ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጠ። ችሎቱ ወደ ሌላ መዝገብ አልፏል። በር ላይ ያለው ችሎት አስከባሪ አወቀው፤ ሦስት ጊዜ ጠርቼሃለሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ አለው፣ በማዘን። ተፈርዷል። መሬቱን ይልቀቅ ተብሏል። በሌለሁበት ነው ብለህ አቤት ልትል ትችላለህ አለው ሰውየው፤ ማመልከቻ አስጽፍ፣ ቀጠሮ ይሰጥሃል። ቱሳ ቀጠሮው መቼ ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ምናልባት ከፋሲካ በኋላ አለው። ትራክተሩ እስከ ፋሲካ አይጠብቅም፤ ይህን ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልግም። ከፋሲካ በኋላ ቱሳ አቤት የሚለው የቀኛዝማች ስንዴ በበቀለበት መሬት ላይ ነው።

ወይዘሮ ውድነሽ ውጭ ጋሪው ላይ ሆና ትጠብቀው ነበር። ፊቱን አይታ አልጠየቀችውም። ና ወንድሜ፣ እህል ቅመስ፣ ነገም ቀን ነው አለችው። ቱሳ እትዬ ውድነሽ፣ እግዜር ይስጥዎ፣ እመጣለሁ፣ አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል አላት። እሷም ጉዳዩ ምን እንደሆነ ገምታ ሀሰኖን ቀስ ብለህ ንዳ አለችው።

ምሳ ሰዓት ነበርና ባለ በረንዳው ሆቴል ሞልቷል። አስናቀ ጠዋት ሻይ የጠጣበት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ቀኛዝማች ኃይለመስቀል ካፖርታቸውን ደርበው ዳቦ ይቆርጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላቸው ቆሞ ያሽቃብጣል። ያ ፖሊስ በዚያው መንገድ ዳር ቆሟል። ቱሳ ጠዋት የቆመባት ቦታ ላይ መጥቶ ቆመ። አልሮጠም፣ አልተንቀጠቀጠም። ጠዋት የነበረው ንዴት የሚጮህ ንዴት ነበር፤ ይሄኛው ዝም ያለ ነው፤ ይሄኛው ይከፋል።

የክፍሉ በር አሁን ተዘግቷል። ቱሳ ወደ ክፍሉ አላየም። ዓይኑን አስናቀ ላይ ተከለ፤ ከአስናቀ ወደ ቀኛዝማች፣ ከቀኛዝማችም ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶግራፍ አሻገረው። ጠዋት አንዱን ትርጉም ብቻ ነበር የሚያውቀው። አሁን ሁለቱንም ያውቃል፤ ያስተማሩት እነሱ ናቸው።

«አልጋው ባዶ ነው» አለ።

ድምፁ አልጮኸም፤ ግን በረንዳው ሁሉ ሰማ። የቀኛዝማች ቢላዋ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቁልፎቹ ዞረ። ከበላተኛው ማንም አልተነሳም፣ ማንም አላጉረመረመም። እጃቸው እንጀራው ላይ ቀርቶ ሁሉም አስናቀን ያያሉ። ፖሊሱ ሰው ዝም ሲል አይቶ ወደ በረንዳው ቀረበና አስናቀን ምን አለ ብሎ ጠየቀው።

አስናቀ ከንፈሩን ላሰ። ቃሉ አፉ ውስጥ ነው፤ ቢያወጣው በረንዳ ሙሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ፎቶግራፍ ሥር፣ እሱ ያለው ሊሆን ነው። ወይዘሮ ውድነሽ ጋሪው ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ምንም» አለ አስናቀ። «ምንም አላለም።»

«ብያለሁ» አለ ቱሳ። መንገዱ መሀል እንደቆመ ጠበቀ። ምን አልክ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።